መምህሩ በሌለበት ሌሊት፦ ስለ ወጣት ተማሪ አደራ



ከጎንደር ተነሥቶ አዘዞን አልፎ ወደ ባሕር ዳር የሚጓዝ መንገደኛ ትምህርት በሚከፈትበት ሰሞን ጠዳ ላይ ጥቂት ቢቆም፣ በየዓመቱ የሚደገም አንድ ነገር ያያል። ከዙሪያው ገጠር አባት ወይም እናት ልጃቸውን ይዘው ይመጣሉ። በአህያ ወይም በትከሻ የመጣው ስንቅ በሶ፣ ሽሮና የእንጀራ ድርቆሽ ነው። ልጁ ከሁለት ወይም ከሦስት ጓደኞቹ ጋር ጠባብ ክፍል ይከራያል። ወላጁም ስንቁን አስቀምጦ፣ የቤት ኪራዩን ከፍሎ፣ ወደ መንገዱ ከመመለሱ በፊት ለቤቱ ባለቤት፣ ለመምህሩ፣ አንዳንድ ጊዜም በመንገድ ላገኘው ካህን አንዲት ቃል ብቻ ይናገራል፤ «አደራ» ይላል።

ይህች ቃል ትንሽ ትመስላለች፤ በእኛ ሕዝብ ዘንድ ግን ከውል ወረቀት ይልቅ ትከብዳለች። አደራ የተቀበለ ሰው ዕቃው የራሱ እንዳልሆነ ያውቃል፤ እንዳሻው አያደርገውም፤ ባለቤቱ በመጣ ጊዜም ይመልሳል። ወጣት ተማሪም እንዲሁ ነው። ወላጆቹ ለእኛ አደራ ይሰጡታል፤ ለወላጆቹ ደግሞ አደራውን የሰጠ እግዚአብሔር ነው። ስለዚህ ዛሬ ልንነጋገርበት የወደድሁት ጥያቄ ይህ ነው፦ አንድን ወጣት ተማሪ የሚመክርና የሚመራ ሰው አደራውን በሚገባ መጠበቁ በምን ይታወቃል? እኔ ከቅዱሳት መጻሕፍት፣ ከአባቶቻችን ታሪክና ከራሴ ስሕተት የተማርሁት መልስ አጭር ነው። የመካሪው ሥራ የሚፈተነው መካሪው አጠገብ ባለበት ቀን አይደለም፤ ተማሪው ብቻውን በሚሆንበት ሌሊት ነው።

በመጀመሪያ ወደ ቅዱስ መጽሐፍ እንመለስ። በ1ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 3 የተጻፈውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሐና በእንባ ለምና ያገኘችውን ልጅዋን ሳሙኤልን ወደ ሴሎ አምጥታ ለካህኑ ለዔሊ ሰጠችው። ይህች እናት በየዓመቱ ትንሽ መደረቢያ ሠርታ ለልጅዋ ታመጣለት እንደ ነበር መጽሐፍ ይናገራል፤ ወደ ጠዳ ስንቅ ተሸክመው የሚመጡትን እናቶች ባየሁ ቁጥር የማስባት እርስዋን ነው። እንግዲህ በአንዲት ሌሊት ልጁ ድምፅ ሰማ፤ መምህሩ የጠራው መስሎት እየሮጠ ሄደ። ዔሊ ግን አልጠራውም ነበርና ተመልሶ እንዲተኛ ነገረው። ሁለተኛም ሦስተኛም እንዲሁ ሆነ።

እዚህ ላይ ሦስት ነገሮችን ልብ እንበል። ዔሊ ያረጀና ዐይኑ የፈዘዘ ሰው ነበር፤ በአንድ ሌሊት ሦስት ጊዜ ከእንቅልፉ ቀሰቀሱት። ልጁን ግን አልተቈጣውም፤ ቅዠታም ብሎ አልሰደበውም፤ ልጄ ብሎ መለሰው። ከእኛ መካከል ለሦስተኛ ጊዜ በር ያንኳኳን ተማሪ በዚህ ትዕግሥት የሚቀበል ስንቱ ነው? ይህ የመጀመሪያው ነው።

ሁለተኛው ከዚህ ይበልጣል። ዔሊ ልጁን የሚጠራው እግዚአብሔር እንደ ሆነ ባስተዋለ ጊዜ፣ «እኔ ልስማልህና ልንገርህ» አላለውም። ተነሥቶም ከልጁ ጋር አልሄደም። ለሚጠራው ጌታ የሚመልስበትን አጭር ቃል አስተማረውና ወደ ስፍራው፣ ወደ መኝታው ላከው። ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ የሆነው መምህሩ በሌለበት፣ በልጁና በአምላኩ መካከል ነው። ዔሊ በሕይወቱ ከሠራው ሥራ ሁሉ ታላቁ ይህ ይመስለኛል፤ ተማሪውን ወደ ራሱ ሳይስብ፣ ከራሱ ወደሚበልጠው አሳልፎ ሰጠው።

ሦስተኛው በነጋ ጊዜ ሆነ። ሳሙኤል የሰማው ቃል በራሱ በዔሊ ቤት ላይ የተነገረ ፍርድ ነበርና መናገር ፈራ። ዔሊ ግን ምንም እንዳይሸሽገው አስገደደው፤ የሚያመውንም ቃል ከሰማ በኋላ በትሕትና ተቀበለ። ከተማሪው አፍ እውነትን መስማት የማይችል መካሪ ተማሪውን ውሸት ያስተምረዋል። ደግሞም ዔሊ ፍጹም ሰው እንዳልነበረ አንርሳ፤ የገዛ ልጆቹን አፍኒንንና ፊንሐስን በጊዜው አልገሠጸም። እግዚአብሔር ግን በዚሁ ጉድለት ባለበት ሰው እጅ ሳሙኤልን አሳደገ። ስለዚህ «እኔ ማን ሆኜ ነው ሌላውን የምመክረው?» የምትሉ መምህራን ሆይ፣ ይህ ለእናንተ ማጽናኛ ይሁናችሁ።

የተወደዳችሁ ምእመናን፣ የምንኖርበት የጎንደር ምድር ስለ መምህርና ስለ ተማሪ ከማንም የሚማር አይደለም። በቆሎ ትምህርት ቤት ያለፉ አባቶች እንደሚነግሩን፣ የቅኔ ተማሪ ቀን ብቻውን በጥላ ሥር ተቀምጦ ቅኔውን ሲቈጥር ይውላል፤ ማታ ወደ የኔታ ቀርቦ ያሰማል፤ የኔታም የጎበጠውን ያቃኑለታል። የኔታ ቅኔውን አይቈጥሩለትም። ቢቈጥሩለት ያ ሰው እስከ ዕድሜው ፍጻሜ የሌላ ሰው ቃል ተሸካሚ ሆኖ ይቀር ነበር። የቀደሙት ተማሪዎች ጀማሪዎቹን ያስጠናሉ፤ በመጨረሻም ተማሪው አስመስክሮ፣ ከመምህሩ ተመርቆ፣ በሌላ ሀገር ራሱ ወንበር ይዘረጋል። የኔታ የሚከብሩት ደቀ መዛሙርቱ በዙሪያቸው ስለ ቀሩ አይደለም፤ ሄደው ስላስተማሩ ነው።

ከእንደዚህ ካለው ትምህርት ቤት የወጣ አንድ ታላቅ ሰው በቤተ ክርስቲያናችን ይታሰባል፤ እርሱም ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል ነው። አባ ገብረ ሚካኤል እ.ኤ.አ. በ1791 በጎጃም በመርጡለ ማርያም አካባቢ ተወለዱ። በልጅነታቸው አንድ ዐይናቸውን አጡ፤ በቀረችው ዐይናቸው ግን ከብዙዎች ይልቅ መጻሕፍትን መረመሩ። መነኰሱ፤ ለትምህርት ወደ ጎንደርም መጡ፤ እውነትን ፍለጋ ከመምህር ወደ መምህር ተጓዙ። በዚያ ዘመን የሃይማኖት ክርክር ሊቃውንቱን ከፋፍሎ ነበርና ነፍሳቸው በቀላሉ አላረፈችም።

እ.ኤ.አ. በ1841 ደጃዝማች ውቤ ከእስክንድርያው ፓትርያርክ ዘንድ ጳጳስ የሚያስመጡ መልእክተኞች ወደ ግብፅ በላኩ ጊዜ፣ አባ ገብረ ሚካኤል ከተመረጡት ሊቃውንት አንዱ ነበሩ። አብሮ እንዲሄድ የተለመነው ደግሞ ከኢጣልያ የመጣው የላዛሪስት ማኅበር ካህን፣ እኛ አቡነ ያዕቆብ የምንላቸው ቅዱስ ዮስጢኖስ ደ ያቆቢስ ነበሩ። ቅዱስ ዮስጢኖስ የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1800 ነውና ከአባ ገብረ ሚካኤል በዘጠኝ ዓመት ያንሳሉ። ይህን ማስተዋል ይገባል፤ በዕድሜም በሀገሩ ትምህርትም የሚበልጠው ተማሪው ነበር።

ቅዱስ ዮስጢኖስ ይህን ሊቅ እንዴት መሩት? በክርክር አልረቱትም። አብረው ተጓዙ፤ ካይሮን፣ ሮምንና ኢየሩሳሌምን አብረው አዩ፤ ጥያቄውን ሰሙ። እርሳቸው ራሳቸው የሀገሩን ቋንቋ ሊማሩ የተቀመጡ፣ እንደ ሀገሩ መነኰሳት የሚለብሱና የሚመገቡ ሰው ነበሩና በመምህርነት ወንበር ላይ ሆነው ሳይሆን በተማሪነት ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው አስተማሩ። አባ ገብረ ሚካኤል ውሳኔያቸውን የወሰኑት ከጉዞው መጀመሪያ ሦስት ዓመት ገደማ ቈይተው እ.ኤ.አ. በ1844 ነው። ሦስት ዓመት! እኛ ከአንድ ተማሪ ጋር ሦስት ሳምንት ተነጋግረን ለውጥ ካላየን ተስፋ እንቈርጣለን። ከዚያም በኋላ ቅዱስ ዮስጢኖስ ደቀ መዝሙራቸውን ከጥላቸው ሥር አላስቀመጡትም። በአጋሜ ጓላ ለሀገሩ ተወላጆች በተከፈተው ትምህርት ቤት መምህር አደረጉት፤ እ.ኤ.አ. በ1851፣ ስልሳ ዓመት ገደማ ሲሆነው፣ የክህነትን ማዕርግ ሰጡት።

ፈተናው ግን የመጣው በዚህችው በጎንደር ነው። እ.ኤ.አ. በ1854 መምህሩም ደቀ መዝሙሩም በጎንደር ታሰሩ። ቅዱስ ዮስጢኖስን ለይተው ከሀገር እንዲወጡ አደረጓቸው፤ አባ ገብረ ሚካኤልና ጥቂት ባልንጀሮቻቸው በእስር ቀሩ። ከእንግዲህ ወዲህ የሚመክር የለም፤ «አይዞህ» የሚል የለም፤ ምን ብዬ ልመልስ ብሎ የሚጠየቅ የለም። የተዘራው ዘር ሥር መስደዱና አለመስደዱ የታየው ያን ጊዜ ነበር። አባ ገብረ ሚካኤል ሕሊናቸው የመሰከረላቸውን ይዘው ጸኑ፤ እ.ኤ.አ. በ1855 በሰንሰለት ታስረው ከሠራዊት ጋር ሲጓዙ ዐረፉ። እ.ኤ.አ. በ1926 ብፅዕናቸው ታወጀ፤ የመምህራቸው ቅድስና ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1975 ታወጀ። ደቀ መዝሙሩ ከመምህሩ አስቀድሞ በመንበረ ታቦት ታሰበ።

ይህን የምናወሳው የድሮ ቂም ለመቀስቀስ አይደለም። ከጎረቤቶቻችን ከኦርቶዶክስ ወንድሞቻችን ጋር በአንድ የኔታ ባህል ያደግን፣ በአንድ ዕድር የምንቀባበር ሕዝብ ነን። የምናወሳው አንድ መምህር ሰውን እስከ ምን ድረስ ሊያጸና እንደሚችል ለማሰብ ነው፤ መምህሩ በሌለበት ሌሊት እስኪጸና ድረስ።

አሁን የራሴን ነገር ልናገር፤ ሌላውን እየመከሩ የራስን መሸሸግ ከዔሊ ያልተማሩት ነገር ነውና።

ካህን በሆንሁ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጠዳ ቤት ተከራይቶ የሚማር አንድ ወጣት እሑድ እሑድ ለቅዳሴ ወደ ጎንደር ይመጣ ነበር። ስሙን አልጠራም። አስተዋይና ጨዋ ልጅ ነበር። ከቅዳሴ በኋላ ይጠብቀኝና ስለ ሁሉ ነገር ይጠይቀኛል። እውነቱን ለመናገር፣ መጠየቁ ደስ ይለኝ ነበር፤ ያለ እኔ ምክር ምንም እንደማያደርግ ሳውቅ ደግሞ ደስታዬ ይጨምር ነበር። ልጁ ወደ ዘርአ ክህነት እንዲገባ ተመኘሁ፤ ምኞቴንም የእግዚአብሔር ጥሪ አድርጌ ነገርሁት። «አንተ ምን ትወዳለህ?» ብዬ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅሁትም። ለወላጆቹ ስለ እርሱ በኵራት ተናገርሁ፤ ለጓደኞቹም ምሳሌ አደረግሁት። እኔ ያነጽሁት መስሎኝ ነበር፤ ለካ የማይችለውን ሸክም እያሸከምሁት ኖሯል።

የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት በመጣ ጊዜ አላለፈም። እኔ በዚያ ሰሞን ለሥራ ሌላ ስፍራ ነበርሁ። ልጁ ሦስት ቀን ከክፍሉ ሳይወጣ ቈየ፤ በአራተኛው ቀን ልብሱን በፌስታል ይዞ ወደ መተማ ለሰሊጥ ሥራ ሄደ። ወደ ወላጆቹም ወደ እኔም አልመጣም። ከሁለት ዓመት በላይ ቈይቶ በጎንደር ገበያ ባገኘሁት ጊዜ እቅፍ አድርጌ ስሜው ለምን ሳይነግረኝ እንደ ሄደ ጠየቅሁት። አንገቱን ደፍቶ፣ «አባ፣ ውጤቴን ለእርስዎ ከመንገር መሄድ ቀለለኝ» አለኝ።

ይህን ቃል እስከ ዛሬ ድረስ አልረሳሁትም። በዚያች ሌሊት ልጁ ብቻውን በነበረ ጊዜ፣ እኔ ያስተማርሁት ነገር ሁሉ አላጸናውም፤ ይባስ ብሎ የእኔን ፊት ማሰቡ አሳደደው። ምክሬ ብዙ ነበር፤ ነገር ግን ወደ እኔ የሚወስድ እንጂ ከእኔ አልፎ ወደ እግዚአብሔርና ወደ ራሱ ልብ የሚወስድ አልነበረም። ዔሊ ልጁን ወደ መኝታው ላከው፤ እኔ ግን በደጄ አስቀመጥሁት። ይቅርታ ለመንሁት፤ እርሱም ይቅር አለኝ። ዛሬ በእንጨት ሥራ ቤተሰቡን ያስተዳድራል፤ ሥራውንም ይወደዋል።

በዚያው በጠዳ ደግሞ ማንበብና መጻፍ የማይችሉ፣ ለተማሪዎች ክፍል የሚያከራዩ አንዲት እናት አውቃለሁ። ማታ ማታ ተከራይዋን ልጅ «ዛሬ ምን ተማርሽ?» ብለው ይጠይቋታል፤ እርስዋም ታስረዳቸዋለች። የሚሰሙት ሁሉ ላይገባቸው ይችላል፤ ልጅትዋ ግን እያስረዳች ትማራለች። ይህችም ልጅ በፈተና ወደቀች። እናቲቱ ያደረጉት ነገር ይህ ነበር፦ ቡና አፈሉ፤ አስቀመጧት፤ እስክታለቅስ ድረስም ዝም አሉ። ከዚያም «ልጄ፣ የፈሰሰው አቦሉ ነው፤ ቶናና በረካ ገና አሉ» አሏት። በነገር መለኮት ትምህርት ብዙ ዓመት የቈየሁት እኔ ያላወቅሁትን፣ እኒህ እናት ከረከቦታቸው አጠገብ ያውቁት ነበር።

ምእመናን ሆይ፣ ይህ የጥቂት ልጆች ታሪክ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. በተሰጠው የ12ኛ ክፍል ሀገር አቀፍ ፈተና ግማሹንና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ ሆኑ። ከመቶ ተማሪዎች ከዘጠና በላይ የሚሆኑት «ወደቅህ» ተብለው ወደ ቤታቸው ተመለሱ ማለት ነው። በዚህ ላይ በክልላችን በ2015 ዓ.ም. ክረምት በተነሣው ጦርነት ብዙ ትምህርት ቤቶች ለወራት፣ አንዳንዶቹም ከዚያ ለሚበልጥ ጊዜ ተዘግተዋል። መምህራቸውን ያጡ፣ ክፍላቸው ባዶ የቀረ፣ ከታናናሾቻቸው ጋር ለመቀመጥ የሚያፍሩ ልጆች በየቤታችን አሉ። እነዚህ ልጆች አሁን በዚያች ሌሊት ውስጥ ናቸው። ማን ይጠይቃቸዋል?

ለወደቀ ተማሪ መካሪ መሆንን ከሐዋርያው ከበርናባስ እንማር። ሳውል ከአሳዳጅነቱ በተመለሰ ጊዜ ደቀ መዛሙርቱ ሁሉ ፈሩት፤ በርናባስ ግን ይዞ ወደ ሐዋርያት አቀረበው፤ በኋላም ወደ ጠርሴስ ሄዶ ፈልጎ ወደ አንጾኪያ አመጣው። ማርቆስ የተባለው ወጣት በጉዞ መካከል ትቶአቸው በተመለሰ ጊዜ፣ ጳውሎስ ዳግመኛ ሊወስደው አልወደደም። በርናባስ ከታላቁ ሐዋርያ ጋር እስኪለያይ ድረስ ለዚያ ወጣት ቆመለት፤ ይዞትም ወደ ቆጵሮስ ሄደ። በመጨረሻ ጳውሎስ ራሱ በእስር ሳለ ያ ማርቆስ ለአገልግሎት እንደሚጠቅመው ጽፎ አስጠራው። በርናባስ ባይኖር ኖሮ ማርቆስ የት ይገኝ ነበር?

እንግዲህ በየቁምስናው ያላችሁ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራንና ወላጆች በሥራ የምናውላቸውን ጥቂት ነገሮች ላሳስብ።

አንደኛ፣ ከመናገር በፊት እንስማ። ተማሪው የመጣበትን ነገር እስኪጨርስ እንታገሥ። ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ጥያቄው እውነተኛው ጥያቄ አይደለም። ስለ ሒሳብ ትምህርት የሚጠይቅ ልጅ ስንቁ አልቆበት ሊሆን ይችላል፤ ስለ ጸሎት የምትጠይቅ ልጅ ወላጆቿ ሊድሯት እንደ ሆነ ሰምታ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛ፣ ስሕተቱን ለብቻው እንንገረው፤ መልካሙን በሰው ፊት እንመስክርለት። «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» የሚለውን ተረት ብዙዎቻችን በልጆች ላይ እንተርታለን። ነገር ግን ልጅ ሳያቦካ እንዴት ማቡካት ይማራል? የኔታ የተማሪውን ቅኔ ሰምተው ያቃናሉ እንጂ ገና ሳይሰሙ አይጥሉትም። ጌታችንም ጴጥሮስን ገሥጾታል፤ አሳልፎ ግን አልሰጠውም።

ሦስተኛ፣ ጥቂት በጥቂት እጃችንን እናንሣ። በጠዳ በሚገኘው የጤና ሳይንስ ኮሌጅ የሚማሩትን ወጣቶች አስቡ። አዋላጅ የምትሆነዋ ተማሪ በመጀመሪያ ታያለች፤ ቀጥሎ መምህርዋ አጠገብዋ ቆማ ትሠራለች፤ በመጨረሻም ብቻዋን ትሠራለች። እ.ኤ.አ. በ1954 የተቋቋመው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅም ተማሪዎቹን ከክፍል አውጥቶ በገጠር ጤና ጣቢያ እንዲሠሩ ያሠለጥን የነበረው በዚሁ ምክንያት ነው። አንድ ቀን በሩቅ ጤና ጣቢያ በእኩለ ሌሊት አንዲት ወላድ በቃሬዛ ትመጣለች፤ ያን ጊዜ መምህርዋ አትኖርም። እኛስ ልጆቻችንን ብቻቸውን እንዲጸልዩ፣ ብቻቸውን እንዲመርጡ፣ ለምርጫቸውም ኀላፊነት እንዲወስዱ አለማምደናቸዋልን? «እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል» ይባላል፤ የሚሄደው ግን በራሱ እግር ነው።

አራተኛ፣ በብርሃን እንመላለስ። ተማሪን ማማከር በግልጥ ስፍራ፣ ወላጅ እያወቀ የሚደረግ ይሁን። ለሌላ የማይነገር ምሥጢር፣ ውለታ የሚያስቈጥር ስጦታ፣ በተዘጋ ክፍል የሚደረግ ንግግር አደራን ያበላሻል። የሚያሰጋ ነገር የነገረንን ልጅ ብቻችንን አንሸከመው፤ ሊረዳው ወደሚችል፣ ኀላፊነትም ወዳለው ሰው እናድርሰው። በዚህ ጉዳይ ቤተ ክርስቲያን መራራ ትምህርት ተምራለች፤ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንችስኮስ እ.ኤ.አ. በ2019 ጥብቅ ሕግ ያወጡትም ታናናሾችን ለመጠበቅ ነው።

አምስተኛ፣ ፍጹም ለመምሰል አንሞክር። እ.ኤ.አ. በ2018 ከጳጳሳት ሲኖዶስ በፊት ከየሀገሩ ወደ ሮም የተጠሩ ወጣቶች ምን ዓይነት መካሪ እንደሚሹ ተጠይቀው ነበር። የሚሳሳት መሆኑን የሚያውቅ፣ ራሱን በከፍታ የማያስቀምጥ፣ ወጣቱን ከኋላው የሚጎትት ሳይሆን አብሮት የሚሄድ ሰው እንደሚሹ ተናገሩ። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንችስኮስም ይህን ቃላቸውን ተቀብለው በ2019 «ክርስቶስ ሕያው ነው» በተባለው ሐዋርያዊ መልእክታቸው ውስጥ አኖሩት። ልጆቻችን የሚሹት ያልወደቀ ሰው አይደለም፤ ወድቆ እንዴት እንደሚነሣ የሚያሳያቸውን ሰው ነው።

በመጨረሻም በዚህ ሩብ ዓመት እያንዳንዳችን አንድ ነገር እናድርግ። ከአካባቢያችን አንድ ተማሪ፣ በተለይም ውጤት ያጣውን ወይም ትምህርቱ የተቋረጠበትን፣ እናስብ። በዚህ ሳምንት ሄደን እንጠይቀው። ምክር ይዘን አንሂድ፤ ጥያቄ ይዘን እንሂድ። «አንተ ምን ታስባለህ?» እንበለው፤ «አንቺስ ምን ትወጃለሽ?» እንበላት፤ ከዚያም ዝም ብለን እንስማ። እኔ ያን ወጣት አንድ ጊዜ እንኳ ይህን ብጠይቀው ኖሮ፣ በዚያች ሌሊት የሚያስፈራው ፊት አልሆንበትም ነበር።

ወላጆች በጠዳ መንገድ ዳር የተናገሩት «አደራ» በሰማይም ተሰምቷል። ባለቤቱ በመጣ ጊዜ «ያን ልጅ ምን አደረግኸው?» ብሎ ይጠይቀናል። ያን ጊዜ «ጌታ ሆይ፣ ድምፅህን እንዲያውቅ ነግሬው ወደ አንተ ላክሁት» ለማለት ያብቃን።

ሳሙኤልን በሌሊት የጠራህ፣ ማርቆስንም በበርናባስ እጅ ያነሣህ አምላክ ሆይ፣ በየኪራይ ክፍላቸው ብቻቸውን የሚያድሩ ልጆቻችንን ጠብቅ። ለእኛም የዔሊን ትዕግሥት፣ የቅዱስ ዮስጢኖስን ትሕትና ስጠን። በብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል ጸሎት፣ በእናታችን በቅድስት ድንግል ማርያም አማላጅነት፤ አሜን።